«ተኝቷል» ስለተባለው ጥዳችን

ለክቡር የጨፌ ዳር ቀጠና የውበትና የግቢ ልምላሜ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ሱሉልታ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም በስብሰባ ብዛት ጉሮሯቸው የደረቀው ባልደረቦችዎ ሁሉ እንደምን ሰነበቱ? የሱሉልታ የጥር ብርድ ሹም አይል ምስኪን አይል አጥንት ድረስ ይገባልና፣ ፈጣሪ ከውርጩም ከነፋሱም እንዲሰውርዎ ጧትና ማታ እመኛለሁ። ቢሮዎ በተመላለስኩባቸው ቀናት ልብ ብዬ እንዳየሁት ከጣሪያዎ በላይ ከሰማይ በቀር ምንም ነገር የለም፤ እንኳን ለዚህ አበቃዎ። እኛም በእርስዎ አመራር ሥር እስከ ዛሬ ከሰዓት ድረስ በሕይወት አለን።

እኔ ከአስፋልቱ ወደ ጨፌው የሚወርደው መንገድ ማብቂያ ላይ የምኖር፣ ገበያው አጠገብ ክርና አዝራር የምሸጥ ሙሉጎጃም ነኝ፤ ሰፈርተኛው ሙሉዬ ይለኛል። በአካል በመጣሁ ቁጥር ክቡርነትዎ ስብሰባ ላይ ስለሚሆኑና ጸሐፊዎም በትሕትና በሩን ስለምታሳየኝ፣ ምናልባት በጋዜጣ ቢሆን ሻይዎን እየጠጡ ያነቡኝ ይሆናል ብዬ ነው ይህን በአደባባይ የጻፍኩት። ለድፍረቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ደፋር ሆኜም አይደለም፤ እንዲያውም በሕይወቴ እንደ ሰሞኑ ፈርቼ አላውቅም።

ነገሩ አጭር ነው። በግቢዬ ውስጥ ከቤታችን ጣሪያ እጅግ የሚረዝም አንድ ጥድ አለ። ሞቷል። ከሥሩ ተነቃንቆ ወደ ቤታችን አዘንብሏል። ያዘነበለውም ልጄ ቤቴል የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ በታረሰችበት ክፍል በኩል ነው። እንድንቆርጠው ፈቃድ ብንጠይቅ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ዛፉ አልሞተም፣ ተኝቷል አለን። የምለምንዎ ይህችን አንዲት ፈቃድ ብቻ ነው፤ እዚህ እንዴት እንደደረስን ግን ለክቡርነትዎም ለአንባቢም እንዲመች በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ መመሪያው። አምና በግንቦት ወር «የክረምት የግቢ ዛፎችና አትክልት እንክብካቤ መመሪያ» የተባለውን ባለ ቀለም መጽሔት ለየቤታችን ስላደሉን ከልብ አመሰግናለሁ። መጽሔቱ ከባሕር ማዶ፣ ዝናብ ከሚናፈቅበት ደረቅ አገር መጥቶ ወደ አማርኛ የተመለሰ እንደሆነ የሰማነው በኋላ ነው። የእነዚያ ሰዎች ክረምት ብርዱና ድርቀቱ አብረው የሚበረቱበት፣ እኛ በጋ የምንለው ወቅት ኖሯል። ይህን ማንም አልነገረንም። መመሪያው «ክረምት እጅግ ደረቅ ስለሆነ ዛፎችዎን በጥልቀት ያጠጡ» ሲል፣ እኛ የምናውቀው ክረምት አንድ ብቻ ነው፤ ጨፌው ሐይቅ የሚሆንበት፣ በሬ ሳይቀር እስከ ሆዱ የሚሰምጥበት ሐምሌና ነሐሴ። መጠርጠራችን አልቀረም። ነገር ግን እዚያው ገጽ ላይ «በረዶ በሚጥልበት ጊዜ ወጥተው ቅርንጫፎቹን በመጥረጊያ ያራግፉ» የሚል ትእዛዝ ሰፍሯል፤ በረዶ እኛም ዘንድ የሚጥለው በክረምት ነውና፣ እንግዲያውስ የሚያወራው ስለ እኛው ነው ብለን አመንን። ስለዚህ ባለቤቴ ዳኜ ሳፋ ራሱ ላይ ደፍቶ፣ በረዶው ሳፋውን ከበሮ እያደረገው፣ ጥድ ሲጠርግ ከረመ። እኔም በዶፍ ዝናብ ጥላ ይዤ ውኃ አጠጣሁ። ተቆጣጣሪዎችዎም ጥላ ይዘው መጡ፤ አፈሩን ነክተው እርጥበቱ የዝናቡ ይሁን የእኔ መለየት ቢያቅታቸው ባልዲውን አሳዪን አሉ። ባልዲውም እርጥብ ሆኖ ተገኘ፤ ዝናብ ላይ የዋለ ባልዲ ደረቅ የሚሆንበት መንገድ ስለሌለ ፈተናውን አለፍን።

ሁለተኛ፤ ስለ ጉዝጓዙና ስለ ሽልማቱ። መመሪያው የዛፉ ሥር ብርድ እንዳይመታው ጭድ በወፍራሙ እንዲጎዘጎዝበት፣ ግንዱም በጨርቅ እንዲጠቀለል ያዛል። በደረቅ አገር መልካም ምክር ሳይሆን አይቀርም። ውኃ በማያሰርገው የእኛ ዋልካ አፈር ላይ ግን ጭዱ ከሰኔ እስከ መስከረም ረጥቦ ከረመ፤ ግንዱ የለበሰው አሮጌ ብርድ ልብስም ሸተተ፤ ነሐሴ መጨረሻ ላይ በሥሩ ዙሪያ ነጭ እንጉዳይ ፈላ። እንጉዳዩን ያዩት ተቆጣጣሪዎችዎ በጣም ደስ ብሏቸው ፎቶ አነሡት፤ ግቢያችንም «ሞዴል ግቢ» ተብሎ ተሸለመ። ምስክር ወረቀቱ ዛሬም ሳሎናችን ውስጥ ተሰቅሏል። ክቡርነትዎ የፈረሙበት ስለሆነ ማውረዱንም ፈርተናል። በመጽሔትዎ እሳት ያቀጣጠሉት ጎረቤቶች ጥድ ዛሬም ለምለም ነው፤ ስማቸውን ግን አልጠራም።

ሦስተኛ፤ ይህን ቅሬታ ባለቤቴ አንብቦት «ሙሉዬ፣ እኛ እዚሁ አገር ነው'ኮ የምንኖረው፣ እባክሽ ይቅር» ብሎ ስለለመነኝ አውጥቼዋለሁ። ክቡርነትዎ ምን እንደነበረ ያውቁታልና ባያነቡትም ግድ የለም።

አራተኛ፤ ስለ እንቅልፉ። መስከረም ጠብቶ ሜዳው ሁሉ አበባ ሲለብስ የእኛ ጥድ ከጫፉ መቅላት ጀመረ። ኅዳር ላይ ውርጩ ሲገባ ቅጠሉ እየደረቀ በግቢው ተነጠፈ። ውኃ ላጠጣው ብል፣ መመሪያው «ክረምት ሲያልፍ ዝናብ ስለሚጀምር ማጠጣት ይቁም» ይላልና፣ ጽሕፈት ቤትዎ ልክ ዝናቡ ሲያቆም ግቢ ማጠጣትን ከለከለ። ያኔ ነው ነፍሰ ጡር የነበረችው ቤቴል መጽሔቱን ከዳር እስከ ዳር አንብባ፣ «እማ፣ የእነዚህ ሰዎች ክረምት እኮ የእኛ በጋ ነው» ያለችኝ። ሆዷን ይዛ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ እኔም እንደ ማሽላ እያረርኩ ሳቅሁ። በማግስቱ ቢሮዎ መጥቼ ብናገር ባልደረቦችዎ በአክብሮት ሰሙኝ፤ ስሕተቱም ሳይውል ሳያድር ታረመ። ሽፋኑ ላይ «ክረምት» በሚለው ቃል ላይ «በጋ» የሚል ቁራጭ ወረቀት ተለጠፈበት። የውስጡ ገጽ ግን አንዴ ስለጸደቀ እንዳለ ይቆያል ተባለ።

ከእነዚያ የውስጥ ገጾች አንዱ ደግሞ «ዛፎች በክረምት ቅጠላቸውን አራግፈው ይተኛሉ፤ የተኛ ዛፍ አይቆረጥም፤ ጸደይ ሲመጣ ይነቃል» ይላል። ለዚህኛው ገጽ ሲሆን ክረምት ማለት ጥር ነው ተባልኩ። ለማጠጣት ሐምሌ የነበረው ቃል ለመቁረጥ ጥር ሆነ፤ ቃሉም እንደ መሬቱ የመንግሥት ከሆነ እኔ ማን ነኝና እከራከራለሁ። የመቁረጫ ፈቃድ የሚሰጠው ለሞተ ዛፍ ነው፤ መሞቱ የሚረጋገጠው ጸደይ ደርሶ ሳይነቃ ሲቀር ነው፤ እስከዚያው የጥርና የየካቲት ነፋስ መታገሥ ይኖርበታል። ይህም እንዳይረሳን ሁለት ሠራተኞች ተልከው «በእንቅልፍ ላይ ያለ ዛፍ ነው፤ መንካት ያስጠይቃል» የሚል ቆርቆሮ ግንዱ ላይ መቱበት። ምስማሩን ሲመቱ ቅርፊቱ ተገሽልጦ እግራቸው ሥር ወደቀ። አንሥተው በጥንቃቄ ወደ ጎን አስቀመጡትና ቆርቆሮውን ከፍ አድርገው መቱት።

አምስተኛ፤ ስለ ባለሙያው። ያለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ባለሙያ ልከውልናልና እግዜር ይስጥልን። ስሙን የማልጠራው እንጀራው እንዳይጓደል ነው። የመጣው ከሰዓት፣ ነፋሱ ከእንጦጦ በኩል በሚወርድበት ሰዓት ነበር። ዋልካው ሲደርቅ ተሰንጥቆ፣ ከሥሩ አጠገብ ክንድ የሚያስገባ ክፍተት መከፈቱን፣ ነፋስ በመጣ ቁጥርም ክፍተቱ እንደ አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ ላሳየው ብዬ ግባ አልኩት። «እዚሁ ሆኜም ይታየኛል፣ ማዘር» አለኝ። ከበራችን ማዶ፣ ቦዩን ተሻግሮ፣ ከመንገዱ ወዲያ ቆሞ ነበር። እዚያው እንደቆመ «ዛፉ ተኝቷል፤ ለመኖሪያ ቤቱ አያሰጋም» ብሎ ጻፈ። አንድ ስኒ ሻይ እንኳ ቅመስ ብዬ ብለምነው፣ ሳሎናችን ከዛፉ ሥር መሆኑን በዓይኑ ለካና ቸኩያለሁ አለ። ሊሄድ ሲል ግን ዞር ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ማዘር፣ አራሷን ግን ከዚያ ክፍል አውጧት» አለኝ። ክቡር ሆይ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ምናልባት እኔ ነኝ የማላውቀው፣ የተማሩት ያወቁት ነገር ይኖራል እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጥር አልሰጠውም፤ ቅሬታም አይደለም፣ ፍርሃት ነው።

ልጄን አወጣኋት። ፀሐይ ከሚገባበት ክፍል ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ እኛ መኝታ ቤት፣ ከዚያ ወደ ማድቤት አዛወርኳት፤ የዛፉን ቁመት በዓይኔ ስለካ ግን የትም ብትሆን ይደርስባታል። ወደ ዘመድ ቤት አትልኪያትም ወይ ይሉኝ ይሆናል። ቡራዩ ያለችው እህቴ በአንድ ክፍል ከአራት ልጆቿ ጋር ትኖራለች፤ ሰበታ ያሉት የቤቴል አማቾች ቤትም ሳንባ ነቀርሳ የያዘው ሰው ተኝቷል፤ ጨቅላዋም ጉንፋን ስለያዛት በዚህ ብርድ ከቤት እንዳትወጣ ጤና ጣቢያው አስጠንቅቆናል። አራስ ልጅ እናቷ ቤት የምትመጣው በሰላም እንድትተኛ ነው። የእኔ ልጅ ግን ነፋሱ ሲነሣ ጭንቅላቷን ቀና አድርጋ ጣሪያውን ታያለች፤ ሕፃኗ ጡት እየሳበች እርሷ ታዳምጣለች። ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ወተቷ ነጥፏል። ሴቶቹ ሁሉ ድንጋጤ ነው አሉኝ። ሙቅ አጠጣኋት፣ አጥሚትም ሠራሁላት፤ ጡቷ ግን ሆዴ አይደለም፣ ጆሮዬ ነው የሚያዘኝ ያለ ይመስል እምቢ አለ። ሕፃኗ ስትጮህ እኔ ጓሮ ወጥቼ አለቅሳለሁ፣ ቤቴል እንዳትሰማኝ።

ከአጥር ወዲያ ያለችው ጎረቤቴ አያንቱ፣ አባቶቿ ጨፌው ውስጥ ከብት ያረቡ፣ ሲከፋት ቋንቋዋ የሚቀድማት ሴት ናት። ዛፉን አንጋጣ አይታ «ዋይ ሙሉዬ፣ ሙክኒ ኩን ዱኤራ» አለችኝ፤ ይህ ዛፍ ሞቷል ማለቷ ነው። ከዚያ ወደ አማርኛ መልሳ፣ «እነዚህ ሰዎች የሞተ ነገር አይተው አያውቁም እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄውን ለክቡርነትዎ አስተላልፌዋለሁ። ባለቤቷ ኦቦ ጃለታ በአጥራችን በኩል የነበረውን በረት አፍርሶ ላሞቹን ወደ ማዶ አሻግሯቸዋል። ላሞቹ ፈቃድ ስላላስፈለጋቸው ደኅና ናቸው። የእድራችን ዳኛ ደግሞ ሊጠይቁን መጥተው ግቢውን ዞር ዞር ብለው ሲያዩ ቆዩና፣ ምን እንደሚያስቡ ገባኝ፤ ክፉ ቀን ቢመጣ ድንኳን የሚተከልበት ሜዳ ያለው እርሱም ከዛፉ ሥር ብቻ ነው። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይላል ያገሬ ሰው፤ እኔ ይህን ተረት ሰሞኑን በጆሮዬ እንኳ እንዳይሰማኝ እሸሸዋለሁ።

እንግዲህ ክቡርነትዎን በታላቅ ትሕትና የምጠይቀው ይህን ነው። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የሚባለው ጊዜ አልፎናልና፣ ቢያንስ ከደረቀ በኋላ ይፍቀዱልን። ፈቃዱን መስጠት መመሪያውን የሚያስነቅፍ መስሎ ከታየዎት፣ ዛፉ በእንቅልፉ ላይ እያለ በስሕተት እንደተቆረጠ ተደርጎ ይጻፍልንና እኛው ጥፋተኛ እንሁን። ይህም የማይቻል ከሆነና ጥዱ በእውነት መተኛቱን ክቡርነትዎ ካመኑ፣ እስኪነቃ ድረስ እባክዎ እኛ ዘንድ በእንግድነት ይክረሙ። አራሷ የለቀቀችው ክፍል አሁን ባዶ ነው። ፀሐይ በደንብ ይገባዋል፣ ንጹሕ አንሶላ አንጥፌበታለሁ፣ አልጋውም ሰፊ ስለሆነ ምክትልዎን ይዘው ቢመጡ አይጠብብዎትም። እንግዳ እናከብራለን፤ ቁርስም እዚያው ይመጣልዎታል፤ ትሪውን በሩ ላይ አስቀምጬ ስሮጥ ብቻ እንዳይቀየሙኝ።

እስከ ዛሬ ስላደረጉልን ሁሉ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ክረምትን ደረቅ ስላደረጉልን፣ ለበጋ ዝናብ ስለሰጡልን፣ የሞተውን በአንድ ቃል ከሞት ስላስነሡልን አመሰግናለሁ። ከቅዱሳን በቀር ይህን ያደረገ ሹም ስለመኖሩ አልሰማሁም። ለሰማይ የቀረቡ ነዎትና፣ ነፋሱንም በደብዳቤ እስከ ጸደይ ቢያግዱልን ውለታዎን አንረሳም።

ጤናና ዕድሜ፣ ሰላማዊ እንቅልፍ፣ ከበላይም ከበታችም የማያሰጋ ጣሪያ እየተመኘሁ፣ በክቡርነትዎ ቸርነት እስካሁን ያልተደፈጠጥኩት፣ የሞዴል ግቢ ባለቤትና የአንዲት ጨቅላ አያት፣

ታዛዥዎ ሙሉጎጃም
ጨፌ ዳር፣ ሱሉልታ

ማስታወሻ፤ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ነፋሱ ተነሣ፤ ዛፉም ከዚህ በፊት ሰምተነው የማናውቀውን ድምፅ ከሥሩ አሰማ። ቤቴል ሕፃኗን ታቅፋ፣ ነጠላ ብቻ ደርባ፣ ባዶ እግሯን ወደ መንገድ ሮጠች። አራስ ልጄን በዚያ ብርድ ቦዩ ዳር ቆማ ስትንቀጠቀጥ ካየኋት በኋላ፣ እርስዎን የምፈራበት አቅም ከየት እንደሚመጣ ጠፋኝ። ኦቦ ጃለታ ገመድና መጋዝ ይዞ በር ላይ ቆሟል፤ ነገ ጧት ነፋስ ሳይነሣ እንጀምራለን። ስለዚህ ይህ ጋዜጣ እጅዎ ሲገባ ዛፉ ወድቋል፤ የሚቀረው በማን እጅ እንደወደቀ ማወቅ ብቻ ነው። በእኛ እጅ ከሆነ፣ ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ ኦቦ ጃለታ ለምኜው የረዳኝ ጎረቤት ነው፤ መጥታችሁ ውሰዱኝ፣ ልብሴን ቋጥሬ አስቀምጫለሁ። ነፋሱ ከቀደመን ግን የሚጠየቀው ሰው ከእኛ ግቢ አይገኝምና፣ የዚያን ቀን እባክዎ ከቢሮ አይውጡ፤ የተረፍነው እንመጣለን።